ጣራውን ኩሬ ያደረገው ካልኩሌተር

ሰው አዲስ ዕቃ ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ይሰግድለታል፣ ወይ ይሸሸዋል። ቁጭ ብሎ መማሩ ስለሚያደክም ብዙ ፈላጊ የለውም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ላሊበላ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ ሳገለግል በዓይኔ ያየሁት፣ በአናቴም ላይ የፈሰሰብኝ ነገር ነው። ወገኖቼ፣ እንዳይፈስባችሁ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት የቀሩት ነበር። በየግድግዳው «ሚሊኒየሙን በልማት እንቀበላለን» ተብሎ ተጽፏል። ጸጉር ቤቱ ሚሊኒየም፣ ሻይ ቤቱ ሚሊኒየም፣ ከሻይ ቤቱ ደጅ የሚተኛው ውሻ ሳይቀር ሚሊኒየም ይባል ነበር። በዚያ ሰሞን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያዩ መጥተው ማሠልጠኛችንንም ጎብኝተው የሄዱ አንዲት ጡረተኛ ፈረንጅ መምህርት አንድ ካርቶን ላኩልን። ሲከፈት ስድስት ካልኩሌተሮች ወጡ።

ካልኩሌተርማ እናውቃለን፤ ባለሱቁ ሁሉ አለው። እነዚህ ግን ሌላ ነበሩ። ወፈር ያሉ፣ መስታወታቸው ሰፊ፣ ቁልፋቸው የበዛ። ቁጥር ብቻ አይደለም የሚያወጡት፤ እኩልታ ሲጽፉላቸው መስመሩን፣ ጉብታውን፣ ማዕበሉን በመስታወቱ ላይ ይሥላሉ። የግንባታ ክፍል ተማሪዎች ወረሯቸው። ከሁሉም ፈጥኖ የለመደው ኪዳን ነው። ኪዳን ከልጅነቱ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የቱሪስት ጫማ እየጠበቀ እንግሊዝኛ ያጠና ልጅ ስለሆነ፣ መመሪያውን አንብቦ ቁልፎቹን በሳምንት ውስጥ እንደ ዳዊት ደገማቸው።

የሒሳቡ መምህር አራጋው ግን ዕቃውን በመጀመሪያው ቀን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩት፤ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው።

«ይኼ ምን ያደርጋል?»

«ግራፍ ይሥላል መምህር» አለ ኪዳን። «እኩልታውን ይጽፉለታል፤ እሱ ይሥለዋል።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«እኔማ አየዋለሁ።»

«ማየቱን ፍየልም ታየዋለች» አሉና አስቀመጡት። «ስማ! ጭንቅላት ባትሪ ድንጋይ አያልቅበትም።»

መምህር አራጋው ጎበዝ ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ አስተምረዋል፤ ሰሌዳ ላይ የሚያሰምሩት መስመር በማስመሪያ ከተሰመረው ይቀና ነበር። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ውባንቺ ግን «የተሰጠን መሣሪያ ሥራ ላይ ይዋል» ብለው አዘዙ። መምህሩም «ይዋል፤ እኔ ግን እጄን አላስገባበትም» አሉ። እንዲህ ሆኖ አንድ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። ከፊት መምህሩ በጠመኔ ያሰላሉ፤ ከኋላ ተማሪዎቹ ቁልፍ ይጫናሉ። መምህሩ ገና መሐል ሳይደርሱ ኪዳን መልሱን ይጠራል። ይህ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያስተማረን ሰው አንጀት ያሳርራል።

«ከየት አመጣኸው?» ይሉታል።

«ማሽኑ ነዋ። ማሽን አይዋሽም መምህር።»

ኪዳን ይህችን ቃል እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ያዛት። በዕረፍት ሰዓትም ካልኩሌተሩን ይዞ ወደ ሆቴል ሙያ ክፍል ሴት ተማሪዎች ይሄዳል። በመስታወቱ ላይ የሚተጣጠፍ ማዕበል እየሣለ «ይኼ የጣና ማዕበል ነው፤ ይኼኛው ደግሞ እናንተን ሳይ የልቤ ምት» ይላቸዋል። ማዕበሉ እንዲያምርለት የዕቃውን አሠራር እዚህም እዚያም ነካክቶ ለውጦ ነበር። የለወጠውን መመለስ ግን ረሳ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

ከከተማው በላይ፣ ወደ አሸተን ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ ሕፃናቱ በዳስ ሥር የሚማሩባት አንዲት መንደር አለች። በልግ በመጣ ቁጥር ትምህርቱ ይቋረጣል። ገበሬዎቹ ተባብረው በድንጋይና በጭቃ አንድ ክፍል ሠሩ፤ አንድ የረድኤት ድርጅት ቆርቆሮ ሰጠ። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ጋሻዬ ዱላቸውን ይዘው ወደ ማሠልጠኛው ወረዱ።

«ግድግዳው ቆሟል» አሉ። «ጣራውን ግን የተማረ ሰው ይሥራልን ብለናል። ደመና በታየ ቁጥር ልጆቻችን ጅብ እንዳየ በግ ይበተናሉ። ፊደል ሳይቆጥሩ ሊጎረምሱብን ነው።»

ሥራው ለግንባታ ክፍል ተማሪዎች ለልምምድ ተሰጠ። መምህር አራጋውም «ለእኛ አገር ዝናብ የጣራው ተዳፋት ሃያ ሁለት ዲግሪ ይሁን» ብለው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ግን «ስሌቱን ማሽናችሁ ይሥራው» ብለው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ክፍሉ ስድስት ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ከግድግዳው እስከ መሐሉ ሦስት ሜትር ነው። የሚፈለገው ቁም ነገር የጣራው መሐል ከግድግዳው በላይ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ እንጨቱስ ምን ያህል ይርዘም የሚለው ነው። ኪዳን ቁልፎቹን ተጫነ።

«ከፍታው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል» አለ።

ወለተ ሩፋኤል የምትባል የክፍሉ ተማሪ ቀና አለች። በእርሳስና በፕሮትራክተር ሥላ የጨረሰች እሷ ብቻ ነበረች። «ሜትር ማለትህ ነው? እኔ ስሥለው ከአንድ ሜትር በላይ ይመጣል።»

«የእርሳስሽ ጫፍ ዶልዱሞ ነው።»

«እሺ፣ እንጨቱስ?»

ኪዳን እንደገና ተጫነ። መስታወቱን ጠጋ አድርጎ አየ። «ነጌቲቭ ሦስት ሜትር።»

«ነጌቲቭ ሦስት ሜትር ባሕር ዛፍ ከየት ይቆረጣል?»

ክፍሉ ሳቀ። ኪዳን ግን ወደ ኋላ የሚል ልጅ አልነበረም። «ነጌቲቩን ተይው። እሱ ሰረዝ ነው፤ ፈረንጅ ሰረዝ ይወዳል። ዋናው ሦስቱ ነው። ማሽን አይዋሽም።»

ወለተ ሩፋኤል ሥዕሏን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። እኔ ከመምህር አራጋው አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። «መምህር፣ ይኼን ቢያዩልኝ። የእኔና የማሽኑ አልገጠመም» አለች።

መምህር አራጋው ወረቀቱን ሳያዩት መልሰው ዘረጉላት። «እኔ ምን አውቄ ልጄ? ማሽኑን ጠይቂው። አይዋሽም አይደል?»

ልጅቱ ወረቀቷን አጥፋ ወጣች። ያኔ የመምህሩ እልህ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንድ መምህር ተማሪ ጥያቄ ይዛ ስትመጣ ፊቱን ካዞረ ደመወዙን የሚቀበለው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ተማሪዎቹ ሄደው ጣራውን ሠሩ። እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ተጋደመ፤ ቆርቆሮው ተነጠፈበት። አያ ጋሻዬ ዞረው ዞረው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ጣራ ነው ወይስ አልጋ?»

«ዘመናዊ ነው አያ» አለ ኪዳን ከላይ ሆኖ። «የቤተ ጊዮርጊስም ጣራ እኮ ዝርግ ነው። ስንት መቶ ዓመት ቆሞ የለም?»

«እሱ አለት ነው። የፈለፈለውም ቅዱስ ነው። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ኪዳን ወርዶ ካልኩሌተሩን አሳያቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ቁጥሮቹን ተመለከቱ፤ ማንበብ ግን አይችሉም ነበር። «እንግዲህ ማሽን ካለ…» አሉ። በመንደሩ ሸንጎ ማንንም የማይፈሩ፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር «ቁጭ በል» የሚሉ ሰው፣ የመዳፍ ስፋት ባለው መስታወት ፊት አፋቸው ተያዘ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ሪባን ተወጠረ፤ ሕፃናቱ ተሰልፈው ዘመሩ። ከወረዳ የመጡት እንግዳ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ረዥም ንግግር ይዘው ነበር። የሕፃናቱ አስተማሪ አስቻለች ተማሪዎቿን «እንግዳው ንግግራቸውን ባቆሙ ቁጥር አጨብጭቡ» ብላ አሠልጥናቸዋለች። ገና ሪባኑ ሳይቆረጥ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ሁላችንም ወደ አዲሱ ክፍል ገባን።

«መልካም አጋጣሚ ነው!» አሉ እንግዳው። «ጣራችን የሚመረቀው በዝናብ ነው።»

ሕፃናቱ አጨበጨቡ።

ከላያችን በረዶው ያንኳኳል። ውኃው ግን አይወርድም፤ የሚሄድበት የለውም። ቀና ብዬ ሳይ ቆርቆሮው መሐሉ ላይ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተቆዝሮ ወደ ታች መጥቷል።

«ይህ ጣራ» አሉ እንግዳው ድምፃቸውን ከበረዶው በላይ ከፍ አድርገው፣ «የሕዝባችን የልማት ጥማት ምስክር ነው!»

ጭብጨባ። አንድ ምስማር ጢው ብሎ ተነቀለ።

«ይህ ጥማት ዛሬ ይረካል!»

ቀድሞ ጠብ እንኳ አላለም። ቆርቆሮው በአንድ ጎኑ ተላቀቀና ያቆረው ውኃ ከነበረዶው በእንግዳው ላይ ተገለበጠ። ከጎናቸው የተቀመጥነውም ድርሻችንን አገኘን። እንግዳው ንግግራቸውን አቆሙ። ሕፃናቱም በተማሩት መሠረት አጨበጨቡ።

ሰዉ ሳቁን መያዝ አቃተው። መምህር አራጋው ከበሩ ጥግ ቆመው ነበር። ፈገግ ሲሉ አየኋቸው፤ ሲጠብቁት የኖሩት ቀን እንደመጣላቸው ዓይነት ፈገግታ። ወዲያው ግን ልጆቹ ደብተሮቻቸውን ከውኃው ሲለቅሙ ማልቀስ ጀመሩ። ከፊደሉ ቀለሙ ወርዶ በእጃቸው ላይ ቀርቷል። አንዲት ልጅ የራሰ ደብተሯን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ወደ መምህሩ ቀና አለች።

«የኔታ፣ ቤት ከተሠራም በኋላ ዝናብ ሲመጣ እንበተናለን?»

የመምህሩ ፈገግታ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ለሸንጎ ተቀመጠ። ኪዳን ተጠርቶ ቆመ።

«እኔ እንዳለኝ ነው የሠራሁት» አለ። «ማሽኑ ነው የተሳሳተው።»

አያ ጋሻዬ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በሬዬ የሰው ማሳ ቢገባ የሚከሰሰው በሬው ነው ወይስ እኔ?»

ኪዳን አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ መምህር አራጋው ሳይጠሩ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጁ ብቻውን አይቁም» አሉ። «ወለተ ሩፋኤል ስሕተቱን በወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጥታ ነበር። ማሽኑን ስለጠላሁ ወረቀቷን አላየሁላትም። ባየው ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲሳሳቱ ፈልጌ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተመካከሩና አያ ጋሻዬ ፍርዱን ተናገሩ።

«አንደኛችሁ ሳይጠይቅ አመነ፤ አንደኛችሁ እያወቀ ዓይኑን ጨፈነ። እንጨት እንደገና እንቆርጣለን፤ ምን እናድርግ። እናንተ ግን ጣራው እስኪቃና ድረስ ከሥሩ ትውላላችሁ። በሕፃናቱ የደረሰ በእናንተም ይድረስ።»

በማግስቱ መምህር አራጋውና ኪዳን ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት መሐል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የመምህሩ ጉልበት አገጫቸው ደርሷል። አስቻለች «ሀ ሁ ሂ» ስትል ሁለቱም አብረው እንዲሉ ተገደዱ። ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ በሁለቱ መካከል የነበረው አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው። የተኳረፉት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀመጡ። ምሳ ይዤላቸው ሄጄ ስለነበር የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ።

መምህሩ ቀድመው ተናገሩ።

«እስቲ ያንን ዕቃህን አውጣው።»

ኪዳን ከደረቱ ሥር አወጣው።

«የሠላሳ ዲግሪ ሳይን ስንት ነው?»

«ግማሽ ነው መምህር። ይኼን ማን አያውቅም?»

«እሱን ጠይቀው።»

ኪዳን ተጫነ። መስታወቱን አየ። እንደገና ተጫነ። «ነጌቲቭ… ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ስምንት…»

«እኔ እስከ ዛሬ ግማሽ ያልሆነ የሠላሳ ዲግሪ ሳይን አይቼ አላውቅም» አሉ መምህሩ። «ዕቃው አልተበላሸም። አንተ በዲግሪ ትነግረዋለህ፣ እሱ በሌላ ነው የሚሰማህ።»

ኪዳን ቁልፎቹን ሲፈትሽ ደረሰበት፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ማዕበሉን ሲሥል የማዕዘን መለኪያውን ከዲግሪ ወደ ራዲያን አዙሮት ኖሯል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ለሥነ ዜጋው ሰው መምህር አራጋው እንዲህ አስረዱኝ፤ «እህል በቁናም በኪሎም ይለካል አይደል? ይኼ ልጅ ሃያ ሁለት ኪሎ ሲል ማሽኑ ሃያ ሁለት ቁና ብሎ ሰማ። ማሽን የነገሩትን እንጂ ያሰቡትን አይሰማም።»

ከዚያ ወደ ኪዳን ዞሩ። «ማዕበሉን ለማን ነበር የምትሥለው?»

«ለሆቴል ክፍል ልጆች።»

«ታዲያ፣ የወደደችህ አለች?»

«ኧረ የለችም መምህር።»

«አየህ፣ ጣራውም ሄደ፣ ፍቅሩም ቀረ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ።

ኪዳን መለኪያውን ወደ ዲግሪ መለሰና እንደገና አሰላ። ከፍታው አንድ ሜትር ከሃያ ሴንቲ ሜትር መጣ፤ ልክ ወለተ ሩፋኤል እንደሣለችው። ከዚያም ስሕተተኛውን ጣራና ትክክለኛውን በመስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ሣላቸው። አንዱ መስመር ተኝቷል፣ ሌላው ቀና ብሏል። «አሥር ዲግሪ ቢሆንስ?» አሉ መምህሩ። መስመሩ ዝቅ አለ። «አርባስ?» ሽቅብ ተነሣ። «ሠላሳስ? ቆይ፣ ቆይ፣ ሃያ አምስትስ?» ጃንጥላውን መቼ እንደጣሉት አላስተዋሉም። ሕፃናቱ በላያቸው ላይ ተንጠላጥለው «ተነሣ! ተኛ!» እያሉ ይጮኻሉ። ዝናቡ በመምህሩ መላጣ ላይ ይወርዳል።

«አይ የኔ ነገር!» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «ይኼን አንድ መስመር ለማሳየት በጠመኔ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር። ፈርቼው ነው እኮ የጠላሁት ልጄ። እሱ ከመጣ እኔ አላስፈልግም ብዬ።»

«ባያስፈልጉማ ኖሮ መምህር» አለ ኪዳን፣ «እዚህ ዝናብ አይመታኝም ነበር።»

ገበሬዎቹ ረዘም ያለ እንጨት ቆርጠው አመጡ። ተማሪዎቹ ጣራውን አፍርሰው መሐሉን አንሥተው ሠሩት። በዚህ ጊዜ መምህር አራጋው ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው በካልኩሌተርም፣ በገመድም፣ በወለተ ሩፋኤል ወረቀትም አስለኩ። ቀጣዩ ዝናብ በሁለቱም ወገን ሽው ብሎ ወርዶ አስቻለች ያስቀመጠችውን በርሜል ሞላ። አያ ጋሻዬ በርሜሉን አይተው «አሁን ውኃው ቦታውን አገኘ» አሉ።

በማሠልጠኛውም ሕግ ተለወጠ። ካልኩሌተሩን ከመንካቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ መልሱ ስንት ያህል እንደሚመጣ በአፉ ይናገራል። ከዚያ ይጫናል። ግምቱና መልሱ ከተራራቁ፣ ለምን እንደተራራቁ ሳይታወቅ ከክፍል የሚወጣ የለም። መምህሩ እርሳስና ፕሮትራክተር ለሁሉም አስገዙ። ስድስቱንም ካልኩሌተሮች ደግሞ በየተራ ቤታቸው እየወሰዱ አጠኑ፤ ሚስታቸው «ሁለተኛ አግብቶብኛል» ብለው ለጎረቤት እስኪያሙ ድረስ።

የዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል በዚያ ክፍል አጠገብ ሳልፍ ድምፅ ሰምቼ ቆምሁ። መምህር አራጋው በዚያ በታወቀው ቀጥ ባለ ጽሑፋቸው የአንድ ድልድይ ሸክም ስሌት ሰሌዳውን ሞልተውታል። ወለተ ሩፋኤል እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሦስተኛው መስመር ላይ የተሳሳተ ነገር ያለ ይመስለኛል።»

እሳቸው በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተብለው አያውቁም። ወደ ሰሌዳው ዞሩ፣ ወደ ልጅቱ ዞሩ። ከዚያም ጠመኔውን ዘረጉላት።

«ነይ፣ አሳዪኝ» አሉ። እሳቸውም ሄደው በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ እጅ ካልኩሌተር ይገባል፤ ከካልኩሌተርም የረቀቀ ብዙ ነገር ይመጣል። አትከልክሏቸው፣ ብቻቸውንም አትተዉአቸው። ማሽኑም ሰሌዳውም የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ስለዚህ «ቆይ፣ ይኼ ልክ አልመሰለኝም» የሚል ልጅ ከመካከላችሁ ሲነሣ ወረቀቱን ተቀብላችሁ እዩለት።